የደሴት ተራራ ከየት ይለካል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ደልጊ፣ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ በዚህ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የምትሰሙት የገቢና የወጪ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ዛሬም ታትሞ በእጃችሁ ገብቷል፤ ከምሳ በኋላ አንድ በአንድ እንሄድበታለን። ከዚያ በፊት የተሰጠንን ጊዜ ግን ስለ ተራራ ልናወራበት ፈልገናል፤ ያውም ስለ ደሴት ተራራ። «የሒሳብ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ትንሽ ታገሡን፤ ነገሩ ወደ መዝገባችን ይመለሳል።

ምክንያታችንን አስቀድመን እንናገር። በመጪው ዓመት የተዘዋዋሪ ብድሩን ቅድሚያ ለማን እንስጥ የሚለው ጥያቄ ዛሬ በእናንተ ፊት ቀርቧል። አንደኛው ሐሳብ አባላትን ባላቸው የቁጠባ ቀሪ ሒሳብ ከላይ ወደ ታች ደርድረን ከላይ ካሉት እንጀምር የሚል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ለሪፖርትም ይመቻል፤ አንድ ዓምድ ብቻ ነው የሚፈልገው። እኛ ግን ዝርዝሩን ስናዘጋጅ አንድ ነገር ከነከነን። ከፍታ ማለት ከየት ተለክቶ ነው? ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት አጥብቀው የጠየቁት ተራራ የሚለኩ ሰዎች ናቸው፤ በተለይም የደሴት ተራራ የሚለኩት። ስለዚህ እስቲ እነሱ ምን እንዳገኙ እንይ።

በዓለም ላይ ካሉት ደሴቶች ሁሉ ከፍተኛው ጫፍ የሚገኘው በኒው ጊኒ ደሴት ላይ፣ በኢንዶኔዢያ በኩል ነው። ስሙ ፑንቻክ ጃያ ይባላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 4,884 ሜትር ይደርሳል። የእኛ ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ገደማ መሆኑን ስታስቡ፣ አንድ ደሴት በባሕር መካከል ከሰሜን ተራራዎች የሚበልጥ ጫፍ አበቀለ ማለት ነው። ምድር ወገቡ በአቅራቢያው ቢያልፍም አናቱ ላይ የበረዶ ግግር ነበረው፤ ያ ግግር ግን በዘመናችን ሙቀት እየቀለጠ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።

ከእሱ ቀጥሎ የሃዋይ ማውና ኬአ በ4,207 ሜትር፣ በቦርኒዮ ደሴት ያለው የማሌዢያው ኪናባሉ በ4,095 ሜትር፣ የታይዋኑ ዩሻን በ3,952 ሜትር ይመጣሉ። የሱማትራው ኬሪንቺ 3,805 ሜትር ነው። በአንታርክቲካ ጠርዝ በሮስ ደሴት ላይ ያለው ኤሬበስ 3,794 ሜትር ሲሆን፣ ዙሪያው በረዶ ሆኖ አናቱ ላይ የቀለጠ ድንጋይ የሚፈላበት እሳተ ገሞራ ነው። የጃፓኑ ፉጂ 3,776 ሜትር፣ የኒውዚላንዱ አኦራኪ 3,724 ሜትር፣ የቴነሪፌ ደሴቱ ቴይዴ 3,715 ሜትር ናቸው።

ወደ አፍሪካችን ደሴቶች ስንመጣ ደግሞ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሬዩኒየኑ ፒቶን ደ ኔዥ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በጊኒ ባሕረ ሰላጤ የባዮኮ ደሴት ጫፍ ፒኮ ባሲሌም 3,000 ሜትርን ትንሽ ያልፋል። የማዳጋስካሩ ማሮሞኮትሮ 2,876 ሜትር፣ የኬፕ ቨርዴው ፎጎ 2,829 ሜትር ናቸው።

እነዚህ ተራራዎች ሁሉ በአንድ መንገድ አልተሠሩም። ማውና ኬአ፣ ፉጂ፣ ቴይዴ፣ ኤሬበስና ፎጎ እሳተ ገሞራ የገነባቸው ናቸው፤ ከምድር ሆድ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ እየተደራረበ፣ እየቀዘቀዘ ያቆማቸው። ፑንቻክ ጃያ ግን የኖራ ድንጋይ ነው፤ የባሕር ወለል የነበረ ድንጋይ በምድር ቅርፊት ግፊት ተገፍቶ ወደ ሰማይ ወጣ። ኪናባሉም ከምድር ውስጥ የቀዘቀዘ ግራናይት ተገፍቶ የወጣ ነው። አንዱ እየተጨመረበት አደገ፤ ሌላው ከታች እየተገፋ ወጣ። ሁለቱም ዛሬ ተራራ ይባላሉ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛ የደልጊ ሰዎች ደሴት ለማየት ውቅያኖስ መሻገር የለብንም። ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ጎርጎራ የሚደርሰውን የመርከብ መስመር በዚህ አዳራሽ የማያውቅ ማን አለ? ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ደሴቶቹም 37 እንደሆኑ ይነገራል፤ በብዙዎቹም ላይ ገዳምና ቤተ ክርስቲያን አለ። ትልቁ ደሴት ደቅ ነው፤ ዝርግ ስለሆነ ይታረሳል፣ ሰው ይኖርበታል። ከደቅ አጠገብ ደግሞ ደጋ እስጢፋኖስ አለ። እሱ በስፋቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን እንደ ክምር ሾጠጥ ብሎ በደን ተሸፍኖ ከውኃው ላይ ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው።

አንድ መቶ ሜትር! ከ4,884 ጋር ሲተያይ ምን አላት? በውድድር ዝርዝር ብናስገባው ደጋ ከመጨረሻው ገጽ ላይ እንኳን ስሙ አይገኝም።

ግን ቆይ። ጣና ራሱ የት ነው ያለው? የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ግድም ነው። እንግዲህ የታላቋ ብሪታንያ ደሴት ከፍተኛው ተራራ የስኮትላንዱ ቤን ኔቪስ ነው፤ 1,345 ሜትር። በደንገል ታንኳ ላይ ቁጭ ብሎ መረብ የሚጥል ዓሣ አጥማጃችን ከዚያ ተራራ አናት ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው የሚቀዝፈው።

ሌላም እንጨምር። በመካከለኛው አሜሪካ በኒካራጓ ሐይቅ ላይ ኦሜቴፔ የሚባል ደሴት አለ። የስሙ ትርጉም «ሁለት ተራራ» ነው፤ ሁለት እሳተ ገሞራዎች ጎን ለጎን ቆመውበታል። ትልቁ ኮንሴፕሲዮን 1,610 ሜትር ይሆናል። በሐይቅ ደሴት ላይ ካሉ ተራራዎች ሁሉ ይህ የታወቀው ግዙፍ ነው። የኒካራጓ ሐይቅ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 32 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ተራራው ከውኃው ገጽ ከ1,500 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከፊቱ የቆመ ሰው አንገቱን አቅንቶ ነው የሚያየው። ደጋ በአጠገቡ ቢቆም ጉብታ ነው። ሆኖም ደጋ ገና እግሩ በውኃ ውስጥ ሳለ ከኮንሴፕሲዮን አናት ይበልጣል፤ ጫፉ ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል።

በዝዋይ ሐይቅም እንዲሁ የዛይ ሕዝብ የሚኖርበት ቱሉ ጉዶ የሚባል ደሴት አለ፤ በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው። በዓለም ዝርዝር ውስጥ ትልቅ ላይባል ይችላል። ከሐይቁ ዳር ሆኖ ስም ላወጣለት ሰው ግን ትልቅ ነበር፤ ከቆመበት ቦታ አይቶ ነው የሰየመው።

እንግዲህ ማን ይበልጣል? መልሱ «ከየት ነው የምትለካው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው።

ይህ ነገር ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በማውና ኬአ ላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 4,207 ሜትር ነው ብለናል። ነገር ግን የተራራው እግር ያለው በባሕሩ ጠለል ላይ አይደለም፤ በሰላማዊ ውቅያኖስ ወለል ላይ፣ በጨለማው ጥልቀት ውስጥ ነው። ከእግሩ እስከ አናቱ ቢለካ ከ10,000 ሜትር ይበልጣል። የዓለም ከፍተኛ ተራራ የምንለው ኤቨረስት 8,849 ሜትር ነው። ስለዚህ ማውና ኬአ ከእግር እስከ ራስ ከኤቨረስት ይረዝማል፤ ከግማሽ በላይ ቁመቱ ግን በውኃ ውስጥ ስለሆነ ማንም አይቆጥርለትም። ቴይዴም እንዲሁ ነው፤ ከውቅያኖሱ ወለል ሲለካ ከሚታየው ቁመቱ እጥፍ ይሆናል።

እናቶቻችን፣ እህቶቻችን፤ የሒሳብ ሰዎች ሆነን ይህን ስናነብ መዝገባችን ነው ትዝ ያለን።

ለምሳሌ ያህል ሁለት አባላት እናስብ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል የተቀመጠ ነው። አንደኛዋ ወደ ማኅበሩ ስትገባ ከባልትና ሥራዋ ያጠራቀመችው 9,000 ብር ነበራት፤ ዛሬ 12,000 ሆኗል። ሁለተኛዋ ስትገባ የአራጣ ዕዳ ነበረባት፤ 4,000 ብር። ዓሣ አድርቃ፣ ጌሾ ቸርችራ፣ ዕዳዋን ሙሉ በሙሉ ከፍላ፣ ዛሬ 3,000 ብር ቁጠባ አላት። በቀሪ ሒሳብ ብንደረድራቸው የመጀመሪያዋ ከላይ ናት፤ ሁለተኛዋ ከታች። የወጡትን ዳገት ብንለካ ግን የመጀመሪያዋ 3,000 ብር ነው የወጣችው፤ ሁለተኛዋ 7,000። አራቱ ሺህ በውኃ ውስጥ ስለነበር በሪፖርታችን ላይ አልታየም።

«የሚታየውን ቀሪ ሒሳብ ትተን በዳገት ብቻ እንለካ» እያልን አይደለም። ከባሕር ጠለል የሚለካው ልክ ልክ ነው፤ ለአውሮፕላን አብራሪ ከእሱ ሌላ አያዋጣውም። ገንዘብ ስናበድርም መያዣና መመለሻ አቅም መታየት አለበት፤ የጋራ ገንዘባችን ነውና። ዕዳ ከፍሎ መጨረስ ግን ራሱ የመክፈል ማስረጃ ነው። ያቺ ሁለተኛዋ ሴት ብድር ትመልሳለች ወይስ አትመልስም ለሚለው ጥያቄ ከማናችንም የተሻለ መልስ ሰጥታለች፤ በየሳምንቱ እየቆረሰች ለአራጣ አበዳሪ ስትከፍል ኖራለች። ይህን ማስረጃ የምናይበት ዓምድ በመዝገባችን ከሌለ ያላየነው እኛ ነን።

ቀጥለን ሌላ ነገር እንይ፤ መለኪያው ራሱ ስለሚንቀሳቀስበት ሁኔታ።

ጣና ሁልጊዜ ጣና አልነበረም። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ደለል ቆፍረው አውጥተው ሲመረምሩ፣ ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በነበረው ታላቅ ድርቅ ሐይቁ ደርቆ እንደነበር አግኝተዋል። ጥልቀቱ እኮ ዛሬም ቢሆን ብዙ አይደለም፤ ከሁሉ በሚጠልቅበት ቦታ 14 ሜትር ግድም ነው። ያን ጊዜ ደጋ ደሴት አልነበረም፤ በደረቅ ሜዳ መካከል የቆመ ኮረብታ ነበር። ውኃው ሲመለስ ደሴት ሆነ። ኮረብታው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ይህን ያህል ወደ ኋላ መሄድም የለብንም። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ በጣም ቀንሶ መርከቦች ለወራት የቆሙበትን ጊዜ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ውኃው በቀነሰ ቁጥር ዳርቻው ይሸሻል፤ ደሴቱ ከውኃው በላይ ያለው ቁመትም ይጨምራል። ታዲያ ያን ዓመት ደጋ አደገ ይባላል? አይባልም። ውኃው ነው የወረደው።

በገንዘባችንም ይኸው ይደርሳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚረዱን ደጋፊዎቻችን የሚልኩት ያው 1,000 ዶላር በመዝገባችን ላይ ከ57,000 ብር ወደ 100,000 ብር ተሻገረ። ሪፖርቱን ብቻ ያየ ሰው «ድጋፉ በእጥፍ ሊያድግ ምንም አልቀረው» ሊል ይችላል። ሊጥ የምታቦካው እናት ግን ታውቃለች፤ የጤፉ ዋጋ፣ የዘይቱ ዋጋ፣ የመጓጓዣው ዋጋ አብሮ ወጥቷል። የአባላት ቁጠባም እንዲሁ ነው። ባለፈው ዓመት ከነበረው በብር ጨምሯል፤ ያ ብር ዛሬ የሚገዛው እህል ግን ስንት ነው? ይህን ሳንጠይቅ «አደግን» ብለን ብንጽፍ የወረደውን ውኃ እንደ ተራራ ዕድገት መቁጠራችን ነው።

ስለዚህ ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በብር የተጻፈው ድምር ትልቅ ሆኖ ሲታያችሁ ችግሩ የተቃለለ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ ሪፖርት ጀምሮ ከድምሩ ጎን «ይህ ገንዘብ በደልጊ ገበያ ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛል?» የሚል አንድ መስመር ብንጨምር የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ጤፍን የመረጥነው ሁላችንም ዋጋውን ስለምናውቀው ነው፤ ማስተርጎም አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ጉዳያችን ተራራ ስለሚቀንስበት ጊዜ ነው።

የኒውዚላንዱ አኦራኪ ድሮ 3,764 ሜትር ተብሎ በመጻሕፍት ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1991 ከጫፉ ብዙ ድንጋይና በረዶ ተንዶ ወደ አሥር ሜትር የሚጠጋ ቁመት አጣ። ናዳው ካለፈ በኋላም የቀረው የበረዶ ቆብ በነፋስና በፀሐይ እየተሸረሸረ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና በዘመናዊ መሣሪያ ሲለካ 3,724 ሜትር ሆኖ ተገኘ። የአገሩ ሰዎች ምን አደረጉ? የአገራቸው ከፍተኛ ተራራ ነው፤ የሚኮሩበት ነው። ቢሆንም አዲሱን ቁጥር አሳወቁ፣ ካርታቸውንም አረሙ። የእኛም ራስ ዳሽን በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ተብለን የተማርነው ነው፤ በኋላ የተሻለ ልክ ሲገኝ 4,550 ግድም ሆነ። ሰሜን ተራራ በዚህ ምክንያት ውበቱም ክብሩም አልጎደለም።

በማኅበር ውስጥ ግን ቁጥር መቀነስ ያስፈራል። አባሏ ለማድለብ የገዛቻቸው በጎች በበሽታ ያልቁባታል፤ ሽምብራው በውርጭ ወይም በተባይ ይመታል፤ እምቦጭ አረም ዳርቻውን ዘግቶ ለዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ገቢ ያሳጣል። በዚህ ጊዜ ሴትዮዋ ታፍራለች። ስብሰባ ትቀራለች፤ ደብተሯን ይዛ መምጣት ትተዋለች። ማኅበርም እንደ ሰው ያፍራል፤ ለደጋፊ የሚላከው ወረቀት ላይ የወረደውን ቁጥር በደህናው ድምር ውስጥ መሸፈን ይቀናል። ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ግን ከናዳው ይብሳል። የተናደው ካልታወቀ ማን ይደርስላታል? አንድ ቁጥር የወረደበትን ምክንያት ከጎኑ ጽፎ ማቅረብ የሒሳብ ወግ ነው፤ የሚያሳፍር አይደለም። ደጋፊዎቻችንም ይህን እንደሚመርጡ እናምናለን፤ ኪሳራ የሌለበት የገጠር ማኅበር ሪፖርት ሲያዩ መጠራጠራቸው አይቀርምና።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥባችን ደርሰናል። ይህ ስለ ሴቶችና ስለ ተራራ ነው።

ደጋ እስጢፋኖስን ስንጠቅስ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል። ያወቃችሁት ነው፤ ደጋ ለሴት የተፈቀደ አይደለም። የወንዶች ገዳም ነው፤ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲል አጽም ያረፈው እዚያ ነው። ደሴት ላይ ያለ ተራራ በብዙ አገር የተቀደሰ ነው። ኪናባሉን የአገሩ ሰዎች የሙታን ነፍስ ማረፊያ ነው ይሉታል፤ ማውና ኬአም ለሃዋይ ተወላጆች ቅዱስ ቦታ ነው። የገዳሙ ሥርዓት የገዳሙ ነው፤ እናቶቻችን አክብረው እንደኖሩት እኛም እናከብረዋለን። በጀልባ አልፈን ከሩቅ ተሳልመን እንመለሳለን።

ነገር ግን በዚያው ሐይቅ ላይ ሴት ያቆመችው አለ። ከደጋ አጠገብ በደቅ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። እቴጌይቱ የማን አገር ልጅ ናት? ከእኛ ከጣቁሳ በስተምዕራብ የጎረቤታችን የቋራ ልጅ ናት። ከልጇ ከአፄ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጭና አገር ያስተዳደረች ሴት፣ በናርጋ ግድግዳ ላይ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላ ትታያለች። ያን ያህል ሥልጣን ይዛ እንድትታይ የፈለገችው እንደ ተማጻኝ ሆና ነው። በክብራን አጠገብ ያለችው የእንጦስ ደሴትም የሴቶች መነኮሳት ቦታ ናት። ጣና ለሴት የዘጋው ተራራ አለው፤ ሴት የሠራችበትና የጸለየችበትም ደሴት አለው። ልጆቻችን ሁለቱንም ሊያውቁ ይገባል።

በጃፓንም ፉጂ ተራራ ለብዙ ዘመን ለሴቶች የተከለከለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1832 ታካያማ ታትሱ የተባለች ሴት የወንድ ልብስ ለብሳ ወጣችው። ክልከላውን የአገሩ መንግሥት ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ከዚያ መቶ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ጁንኮ ታቤይ የምትባል ጃፓናዊት ከጓደኞቿ ጋር የሴቶች የተራራ ወጪዎች ማኅበር መሠረተች። ማኅበር ነው ያልነው! ገንዘብ አልነበራቸውም። እርዳታ ሲጠይቁ «ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ልጅ አሳድጉ» የሚል መልስ ይሰጣቸው ነበር። ታቤይ ፒያኖ እያስተማረች ገንዘብ አጠራቀመች፤ ጓንታቸውን ከመኪና መሸፈኛ ጨርቅ ቆርጠው ሰፉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1975 የበረዶ ናዳ ሰፈራቸውን ደፍኖ እሷንም ቀብሯት ነበር፤ ጎትተው አወጧት። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ኤቨረስት አናት ላይ የቆመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ያን ጊዜ የትንሽ ልጅ እናት ነበረች። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1992 የሰባቱን አህጉራት ከፍተኛ ጫፎች ወጥታ የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ተባለች፤ ከእነሱ አንዱ በንግግራችን መጀመሪያ የጠቀስነው የደሴቶች ሁሉ አውራ ፑንቻክ ጃያ ነው።

ይህን የምንነግራችሁ ማንም ጓንት ሰፍታ ኤቨረስት እንድትወጣ አይደለም። የታቤይ ማኅበር ከእኛ ማኅበር ጋር የሚመሳሰልበት ነገር ስላለ ነው፤ እያንዳንዷ ያላትን አዋጣች፣ የሌላትን በእጇ ሠራች። ወደ ጫፉ የደረሰችው አንዷ ብትሆንም ስንቁን የተሸከሙት፣ ገንዘቡን የመዘገቡት፣ ከናዳው ጎትተው ያወጧት ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፤ በእያንዳንዷ አባል ደብተር ላይ «የመነሻ ሒሳብ» የሚል ዓምድ ይከፈት። ስትገባ የነበራት ቁጠባ ወይም የነበረባት ዕዳ ይጻፍበት። ዕዳዋን ማሳወቅ የማትፈልግ አባል አትገደድ፤ የምትነግረንም ምስጢሯ ከሒሳብ ክፍል አይወጣም፤ ለጉባኤም ሆነ ለደጋፊ በስም አይቀርብም። ብድር ሲሰጥ ኮሚቴው ቀሪ ሒሳቡንም ከመነሻው የተጓዘችውንም መንገድ አብሮ ይይ።

ሁለተኛ፤ በዓመታዊው ሪፖርት ላይ ከብሩ ድምር ጎን በዚያ ወር በደልጊ ገበያ የጤፍ ኩንታል ዋጋ ይመዝገብ፤ ካምናው ጋርም ይነጻጸር። ሥራው ብዙ አይደለም፤ ቅዳሜም ሆነ ሌላ ቀን ገበያ የምትወጣ አባል ጠይቃ ብትነግረን ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ኪሳራ የደረሰባት አባል በሦስት ወር ውስጥ ብታሳውቅ የብድሯ መክፈያ ጊዜ እንዲታይላት፣ ኪሳራውም በሪፖርቱ ላይ ምክንያቱ ተጽፎ እንዲቀመጥ ይወሰን። ተደብቆ ከሚቆይ ኪሳራ ተመዝግቦ የታየ ኪሳራ ይሻለናል።

እነዚህ ሦስቱ ለሒሳብ ክፍላችን ተጨማሪ ሥራ ናቸው። ሥራውን እንችለዋለን። የማንችለው፣ ከውኃው በታች የወጣችውን ዳገት ሳንቆጥርላት አንዲትን ሴት ከዝርዝሩ ግርጌ አስቀምጠን «ቀጣዩ ዓመት ይሻላል» ብሎ መመለስ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ፣ የምትቃወሙም ካላችሁ፣ አሁኑኑ ተናገሩ። «ቁጥር አናውቅም» ብላችሁ ዝም እንዳትሉ፤ ዕዳዋን ከፍላ የጨረሰች ሴት ቁጥር ከማንም በላይ ታውቃለች። ከውይይቱ በኋላ በእጅ ማውጣት ይወሰናል፤ ድምፁን የምንቆጥረው እኛ ነን፤ ቆጠራውን ደግሞ ከመካከላችሁ የምትመርጧቸው ሁለት እናቶች ይከታተሉታል።